ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

(የመክፈቻ ዜማ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)



ዛሬ የምናወጋው ስለ አሮጌ መኪና፣ ይልቁንም በአሮጌ መኪና ውስጥ ስለሚገኘው አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ጥር በገባ ጊዜ፣ የጥምቀት በዓል በጎንደር በአፄ ፋሲል መዋኛ ተከብሮ፣ ታቦታቱም ወደየመንበራቸው ከተመለሱ በኋላ የሠርጉ ወራት ይከተላልና፣ ከክረምት ጀምሮ በየግቢው በሸራ ተሸፍኖ የቆየው አሮጌ መርሴዲስ ታጥቦና ተወልውሎ፣ በአበባና በጥብጣብ አጊጦ፣ ሙሽሮችን ሊያጅብ ወደ አደባባይ ይወጣል። ታዲያ ከእነዚህ መኪኖች አንዱ፣ እልልታው እየቀለጠ ሳለ፣ ዳገት መካከል ደርሶ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ግን አልዞር ብሎ ቢቆም፣ የተሰበሰበው ሰው ምን ይላል? «ካምቢዮው አለቀለት» ይላል። የሚጠራውም መካኒክ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ፍርድ ነው።

አድማጮቻችን፣ ይህ ፍርድ ችኩል ነው። ካምቢዮው ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ዕቃው ሁሉ በጋራዡ ወለል ላይ ከተዘረጋ በኋላ፣ የችግሩ ሁሉ ምንጭ ከውጭ የቀረች አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ሆና ትገኛለች፤ በዚያን ጊዜ ግን ገንዘቡም ቀኑም ሄዷል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንዲህ ያለው ነው። ስለሆነም ዛሬ ደጋግመን የምንላችሁ አንድ ነገር ነው። ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ዘይቱ ታይቷል ወይ? የቫኪዩም ቱቦውስ ታይቷል ወይ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያዙልን፤ በንግግራችን መካከል እንመለስባቸዋለን።

(ዜማ፤ ለጥቂት ሰኮንድ)

የመጀመሪያዪቱ መኪና በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በእንግሊዛዊው በቤንትሌ ተነድታ አዲስ አበባ በገባች ጊዜ፣ ማርሽ መለወጥ ማለት የእጅና የእግር ትግል ነበር፤ ሾፌሩ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ፣ ጥርስ ከጥርስ ጋር ሳይፋጭ ጊዜውን ጠብቆ ማግባት ነበረበት። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1939 እ.ኤ.አ.፣ ጀነራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሃይድራ ማቲክ» ያለውን፣ ማርሹን ራሱ የሚለውጥ ካምቢዮ በኦልድስሞቢል መኪናዎቹ ላይ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። መርሴዲስ ቤንዝም የራሱን በ1961 እ.ኤ.አ. አስከተለ።

ዛሬ ምሳሌ አድርገን የምንይዘው፣ ከ1976 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠራውን፣ በፋብሪካው ስሙ ደብልዩ 123 የሚባለውን መርሴዲስ ነው። ከእነዚህ ከፊሉ ባለ ፍሪሲዮን፣ ከፊሉ ደግሞ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። የምንናገረው ግን ለአሮጌ ሸቭሮሌም ሆነ ለአሮጌ ፎርድ በመሠረቱ አይለወጥም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን ሳይኖር፣ መኪናው ማርሽ ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ በፍሬን ብቻ ተይዞ ሲቆም ሞተሩ የማይጠፋው ስለ ምንድን ነው?

ምክንያቱ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ብረት ሳይሆን ዘይት በመሆኑ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር በሚባለው ድቡልቡል ዕቃ ውስጥ አንዱ ባለ ክንፍ መዘውር ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሌላው መዘውር ደግሞ፣ በወንዝ ዳር እንደ ቆመ የውኃ ወፍጮ፣ የተወረወረው ዘይት ሲመታው ይዞራል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ፍሬን የያዘውን መኪና ለማንቀሳቀስ አይበቃም፤ ፍሬኑ ተለቅቆ ቤንዚን በተሰጠው ጊዜ ግን ግፊቱ በርትቶ መኪናው ይነሣል።

ከኮንቨርተሩ በስተ ኋላ የጥርሶቹ ማኅበር ይገኛል። በመካከል ፀሐይ የተባለው ጥርስ፣ በዙሪያው የሚሽከረከሩት ፈለኮች፣ በውጭ ደግሞ ሁሉን የሚከብበው ቀለበት አሉ፤ ከእነዚህ አንዱን አጥብቆ ይዞ ሌላውን በመልቀቅ ፍጥነቱ ይለወጣል፤ የኋላ ማርሽም ከዚሁ ሥርዓት ይወጣል። የሚይዙትና የሚለቁት በዘይት ግፊት የሚጨመቁ ስስ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎችና፣ የሚሽከረከረውን ከበሮ ከውጭ አንቀው የሚያቆሙ ቀበቶዎች ናቸው። ማን መቼ ይያዝ፣ ማን መቼ ይለቀቅ የሚለውን የሚወስነው የቫልቮች ቤት ነው፤ በውስጡ እጅግ ጠባብ በሆኑ ቦዮች ትንንሽ ቫልቮች ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ፤ በዓይን የማትታይ ቆሻሻ እንኳ አንዱን ቫልቭ ካጣበቀችው ማርሽ ሊጠፋ ይችላል።

ልብ በሉ፤ ኃይልን የሚያስተላልፈው ዘይት ነው፤ ሰሌዳዎቹን የሚጨምቀው ዘይት ነው፤ የሚያለሰልሰው ዘይት ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ዘይት ነው። እንግዲህ ምርመራው ከዘይት ቢጀምር ምን ያስደንቃል?

(በዝግታ የሚዞር ሞተር ድምፅ፤ ከንግግሩ በታች ይቆያል)

መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁሙ። በጎንደር ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን በተዳፋት ላይ የተወሰደ ልክ ልክ አይደለም። አስቀድሞ ካምቢዮው በሚገባ እስኪሞቅ ድረስ መኪናው ሩብ ሰዓት ያህል ይነዳ፤ ከዚያ ወዲያ የፍሬን ፔዳሉ እንደ ተረገጠ መምረጫው በየማርሹ ጥቂት ጥቂት እየቆየ ይለፍና በመጨረሻ ፒ በተባለው የማቆሚያ ቦታ ላይ ይደረግ፤ የእጅ ፍሬኑም ይያዝ።

የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ነው፤ የዚህ ካምቢዮ ዘይት ግን የሚለካው ሞተሩ እየሠራ ነው። ደግሜ ልበለው፤ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱም ሞቆ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ይለካል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፑ ስለሚቆምና ዘይቱ ከታች ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ወደ ኮፓው፣ ስለሚመለስ የጎደለው ሙሉ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ በማለዳ፣ ገና በብርዱ ይለካና የጎደለ መስሎት ይጨምራል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ግን ከልክ በላይ ያብጣል።

በመለኪያው ዘንግ ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላምና፣ ስትጨምሩ በብርጭቆ ልክ እንጂ በጆግ አትጨምሩ። «ቢተርፍ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ይጎዳል። ዘይቱ ሲበዛ የሚሽከረከሩት ጥርሶች እየመቱት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲጨመቅ ይሸሻል እንጂ አይገፋም፤ ስለሆነም ዘይት የበዛበት ካምቢዮ ዘይት እንደ ጎደለበት ሁሉ ይንሸራተታል።

አሁን ከዘንጉ ጫፍ አንዲት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉና ወደ ብርሃን አቅርቡት። ደማቅ ቀይና ጠረን የሌለው ከሆነ መልካም ነው። ጥቁር ቡናማ ሆኖ በጣት መካከል ሲታሽ ደቃቅ ነገር ከቀረ፣ አፍንጫችሁንም ስታስጠጉት የተቃጠለ ፍሪሲዮን ከሸተተ፣ ሰሌዳዎቹ ተቃጥለዋል ማለት ነው። ነጣ ያለ፣ አረፋ የተቀላቀለበት ሮዝ ቀለም ካያችሁ ግን መኪናውን ከዚያ ቦታ አታንቀሳቅሱት፤ ውኃ ገብቶበታል። ውኃው ከየት መጣ? ከራዲያተሩ ነው። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በተሠራ ቱቦ አልፎ ነውና፣ ያ ቱቦ በዝገት በተበሳ ጊዜ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ ውኃ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቀዋል።

ስለ ዘይቱ ዓይነትም አንድ ቃል ልጨምር። ለዚህ መርሴዲስ የሚስማማው «ዴክስሮን» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ወይም የተራ ካምቢዮ ወፍራም ዘይት «ለጊዜው ይሁን» ተብሎ የተጨመረበት ካምቢዮ ለጊዜው እንኳ አይሆንለትም። አንዳንድ የቆዩ የፎርድ ካምቢዮዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ዘይት ይሻሉና ባለቤቱ የመኪናውን መጽሐፍ ይመልከት።

(አጭር ዕረፍት)

መኪናው ጭራሹን አልሄድ ባለ ጊዜስ? ወደ ፊት በሚያስኬደው በዲ ላይ ቢደረግ ዝም፣ ወደ ኋላ በሚያስኬደው በአር ላይ ቢደረግ ዝም። አንድም ዘይቱ ጎድሎ ነው፤ አንድም በኮፓው ውስጥ ያለው ፊልትሮ ተደፍኖ ነው፤ አንድም ከመምረጫው ወደ ካምቢዮው በሚወርደው ዘንግ ላይ ያለው ትንሽ የጎማ ማያያዣ፣ ጎሚኒው፣ ተበልቶ፣ በሾፌሩ በኩል ዲ ላይ የገባ እየመሰለ፣ በካምቢዮው በኩል ግን ዜሮ ላይ ቀርቶ ነው፤ አንድም ፖምፑ ራሱ ተሰብሮ ነው። እነሆ አራት ምክንያት ቆጠርን፤ ካምቢዮ ማውረድ የሚያስፈልገው ለመጨረሻው ብቻ ነው። ጎሚኒውን ለማየት ከመኪናው ሥር መግባትና ሌላ ሰው መምረጫውን ወዲያና ወዲህ እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ይበቃል።

ከመኪናው ሥር ስለ መግባት ካነሣን፣ ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አልተሠራም። መኪናው በካቫሌቶ፣ ማለት በብረት መደገፊያው፣ ላይ ሳያርፍ ማንም አንገቱን እንዳያስገባ፤ ድንጋይ ደርድሮ መኪና የማሳረፉን ልማድም ተዉት፤ ድንጋይ ከክብደት በታች በድንገት ይፈነከታል።

መኪናው ወደ ፊት አልሄድ ብሎ ወደ ኋላ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዘይትና ፖምፕ አሉ ማለት ነውና፣ የፊቱን ማርሽ የሚይዘው ቀበቶ ወይም ቀበቶውን የሚገፋው ፒስተን ተሰብሯል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በማለዳ ዲ ላይ ካስገቡት በኋላ ቆይቶ የሚይዝ፣ ሲሞቅ ግን የሚሻለው ደግሞ፣ በደባርቅ ብርድ በተለይ የሚታይ ጠባይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የደረቁ የጎማ ማተሚያዎች ናቸው። የዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ በብርድ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚንሸራተተው፣ ይበልጥ ያሳስባል፤ የሞቀውና የቀጠነው ዘይት በተበሉት ማተሚያዎች በኩል እያመለጠ ነውና።

(ዜማ፤ ለጥቂት ሰኮንድ)

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን እንምጣ። የቫኪዩም ቱቦው ታይቷል ወይ?

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው የቤንዚን መርሴዲሱ ካምቢዮ ዘይት ይጎድልበታል እንበል። በየሳምንቱ ይጨምራል፤ በየሳምንቱ ይጎድላል። መኪናው ባደረበት መሬት ላይ ግን አንዲት ጠብታ አይታይም። ደግሞም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ መካኒኩም «ሞተሩ ተበልቷል» ብሎታል። አድማጮቼ፣ ይህ ዘይት የት ገባ? ጥቂት አስቡበት።

(ሦስት ሰኮንድ ጸጥታ)

ሞተሩ ጠጥቶታል። በካምቢዮው ጎን ላይ ሞዱሌተር የሚባል ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አለ፤ በውስጡ ስስ የጎማ ሽፋን ተወጥሯል። ከሞተሩ አየር ማስገቢያ የሚመጣ ቀጭን ቱቦ በዚህ ሽፋን ላይ እየሳበ፣ ሞተሩ ምን ያህል ጭነት እንደ ተሸከመ ለካምቢዮው ያስታውቀዋል። ሞተሩ ዘና ባለ ጊዜ ስበቱ ይበረታል፤ ካምቢዮውም በለስላሳ ግፊት ቶሎ ማርሽ ይለውጣል። ሞተሩ ዳገት ሲወጣ ስበቱ ይደክማል፤ ካምቢዮውም ግፊቱን አበርትቶ፣ ማርሹን አዘግይቶ፣ ሰሌዳዎቹን አጥብቆ ይይዛል። ሽፋኑ በተቀደደ ጊዜ እንግዲህ ሞተሩ በዚያችው ቱቦ ዘይቱን መጥጦ ያቃጥለዋል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ቱቦዋን ከሞዱሌተሩ ንቀሉና ውስጧን ተመልከቱ። ቀይ ዘይት ካለባት ነገሩ ተፈጸመ። ሞዱሌተሩ ይለወጣል፤ ካምቢዮው አይወርድም፤ ሞተሩም አይነካም።

ቱቦዋ ብቻ ተሰንጥቃ ወይም ከቦታዋ ወጥታ እንደሆነስ? በዚያን ጊዜ ካምቢዮው ሁልጊዜ ዳገት ላይ ያለ ይመስለዋልና፣ ማርሹን አዘግይቶ፣ በለወጠም ቁጥር ተሳፋሪውን እየደፋ ይሄዳል። በናፍጣ ሞተር ላይ ስበቱን የሚሰጠው የቫኪዩም ፖምፕ ነውና ፍተሻው እስከዚያ ድረስ ይሂድ። ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ ጎማ ሁሉ ይደርቃል፤ እኔ እንደማምነው፣ አሮጌ መርሴዲስ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የቫኪዩም ቱቦዎቹንና መገጣጠሚያ ጎማዎቹን ሁሉ ቢለውጥ ወጪው ጥቂት፣ ትርፉ ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ የጎንደርንና የሰሜንን ደጋ የሚመለከት ነገር እንናገር፤ በመኪናዎቹ መጻሕፍት ውስጥ በሰፊው አይገኝም፤ ለእናንተ ግን ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል።

መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ናት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በኮሶዬና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጋችሁ፣ ገደብዬንና ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ናችሁ። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ የቤንዚን ሞተር ስበት በቫኪዩም መለኪያ ላይ በየ300 ሜትሩ በ1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ ጤነኛ ሞተር ከ18 እስከ 21 ኢንች ካሳየ፣ ያው ሞተር በጎንደር ከ11 እስከ 14 ያሳያል፤ ምንም ሳይጎድለው። ይህን ያላወቀ መካኒክ መለኪያውን አይቶ «ሞተሩ ታሟል» ይላል።

ካምቢዮውስ ምን ይላል? ስበቱ ስለ ደከመበት ሞተሩ የተጫነ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ማርሹን ያዘገያል፤ ሲለውጥም ይደነግጣል። ከቆላ የመጣ አውቶማቲክ መኪና ደጋ ላይ ሲወጣ ጠባዩ የሚለወጠው፣ ወደ መተማ ሲወርድ ደግሞ በራሱ የሚፈወሰው ስለዚህ ነው። ጀነራል ሞተርስን የመሰሉ ፋብሪካዎች ይህን ዐውቀው የከፍታውን ልዩነት የሚያካክስ ሞዱሌተር ሠርተዋል። በሌሎች ላይ ደግሞ ሞዱሌተሩ በመጠኑ የሚስተካከል ነው። ሲስተካከል ግን ቅንጣት ቅንጣት ይሁን፤ እየነዱ፣ እያዳመጡ። ማርሹ ፈጽሞ እንዳይሰማ ተብሎ ከልክ በላይ የላላ ካምቢዮ ለተሳፋሪው ይጣፍጣል እንጂ፣ ግፊቱ አንሶ ሰሌዳዎቹ እየተንሸራተቱ ስለሚቃጠሉ ዕድሜው አጭር ነው።

ደግሞም ሞተሩ ራሱ በጎንደር ከፍታ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ካንዴላው ያረጀ፣ ካርቡራተሩም ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ይባስ ብሎ ይደክማል፤ ሰውም ድካሙን በካምቢዮው ላይ ያላክካል። ስለሆነም ሞተሩ ሳይስተካከል ካምቢዮ አይመረመርም። ፍሬን ረግጦ፣ ዲ ላይ አድርጎ፣ ቤንዚን እስከ መጨረሻው እየሰጡ የሞተሩን ዙር የመለካት ልማድ አለ፤ በደጋ ዙሩ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ኮንቨርተሩ የተበላሸ ያስመስላል፤ ዘይቱንም በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ያጋየዋል። በአሮጌ ካምቢዮ ላይ እንዲሠራ አልመክርም።

(የከባድ መኪና ድምፅ፤ ዳገት እየወጣ፤ ቀስ በቀስ ይርቃል)

አሁን ስለ ሙቀት። ከወልከፊት በታች ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን ፈልፍለው ያወጡትን፣ የማያውቅ አድማጭ በመካከላችን የለም። በዚህ ዳገት ላይ በዲ ብቻ እየነዱ መውጣት ካምቢዮውን በገዛ ዘይቱ መቀቀል ነው፤ ኮንቨርተሩ ያለማቋረጥ እየተንሸራተተ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋልና። ዘይቱ ከ80 ዲግሪ በላይ 10 ዲግሪ ያህል በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚለው የመካኒኮች መመዘኛ ለዚህ ስፍራ የተነገረ ይመስላል። ስለዚህ መምረጫውን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አውርዳችሁ ውጡ፤ ስትወርዱም በዚያው ማርሽ፣ በሞተሩ እየተያዛችሁ ውረዱ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ላይ አድርጎ፣ ይባስ ብሎም ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑንም ካምቢዮውንም በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል።

ሌላም አለ። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በጎንደር በ93 ገደማ፣ በደባርቅም ከዚያ ባነሰ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ የውኃውን መፍላት ካላዘገየው፣ ራዲያተሩ ቶሎ ይፈላል፤ በእርሱ የሚቀዘቅዘው የካምቢዮ ዘይትም አብሮ ይነድዳል። አንዲት ያረጀች ክዳን ካምቢዮ አቃጠለች ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን ይሆናል። ካምቢዮው ሲግል በዳር ቆማችሁ ሞተሩን አታጥፉ፤ ራዲያተሩ ራሱ ካልፈላ በቀር ፒ ላይ አድርጋችሁ በመጠነኛ ዙር ይሥራ፤ ዘይቱ የሚዘዋወረውና የሚበርደው ሞተሩ ሲሠራ ነው።

መኪናው ከቆመ ደግሞ በኢሱዙ ገመድ ታስሮ ወደ ጎንደር መጎተት የተለመደ ነው። ለባለ ፍሪሲዮን መኪና ይሁን፤ ለአውቶማቲክ ግን አይሁን። ሞተሩ ካልሠራ ፖምፑ አይሠራም፤ ጎማው ሲዞር ግን በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ጥርሶች ያለ ዘይት ይዞራሉ። ረጅም መንገድ መጎተት ግድ ከሆነ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ይነሡ፣ ወይም ከካምቢዮው እስከ ዲፈረንሻሉ የሚደርሰው ረጅም ዘንግ አስቀድሞ ይፈታ።

(ዜማ፤ ለጥቂት ሰኮንድ)

ዘይቱ ታይቶ፣ ቱቦው ታይቶ፣ ዘንጉና ጎሚኒው ታይቶ፣ ሞተሩም ተስተካክሎ ሕመሙ ከጸና፣ ኮፓው ይውረድ። በኮፓው ወለል ላይ የሚገኘው ደለል ብዙ ይናገራል። ስስ ግራጫ ትቢያ የዕድሜ ነው፤ አያስደንግጥ። ጥቁር ቅርፍርፊት ከፍሪሲዮኑ ሰሌዳ የወጣ ነው። ቢጫ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ የነሐስ ቡሽዎች እየተበሉ ነው። የተሰበረ ብረት ከተገኘ ግን ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም፤ ካምቢዮው ይወርዳል።

ደለሉ ጥቂት ከሆነ ፊልትሮውና የኮፓው ጋርኒሲዮን ተለውጦ፣ የመርሴዲሱ ኮንቨርተር የራሱ መፍሰሻ ቡሎን ስላለው የእርሱም ዘይት ተደፍቶ፣ በአዲስ ዘይት ይሞላ። የኮፓውን ቡሎኖች ስትመልሱ ጉልበታችሁን ቆጥቡ፤ ክሩ በአሉሚኒየም ላይ የተቀረጸ ነውና በቀላሉ ይላጣል።

በመጨረሻ ካምቢዮው የግድ ወርዶ ከተፈታ ሥራው ለለመደ እጅ ይሰጥ፤ ባለቤቱ ግን አጠገቡ ቆሞ ሦስት ነገር ቢመለከት የማያውቀው ሥራ አይሠራበትም። አዲሶቹ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች ከመገጠማቸው በፊት በካምቢዮው ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፈው መቆየት አለባቸው፤ ደረቅ የገባ ሰሌዳ በመጀመሪያው ጉዞ ይቃጠላል። ትንንሾቹን ኳሶችና ማተሚያዎች በየቦታቸው ለመያዝ ግሪስ ሳይሆን ተራ ቫዝሊን ይቀባ፤ ቫዝሊን በዘይቱ ውስጥ ይሟሟል፤ ግሪስ ግን እንደ ረጋ ፊልትሮውን ይደፍናል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ኮንቨርተሩ ወደ ቦታው ሲመለስ እያዞሩ በቀስታ መግፋት ነው፤ አንድ ጊዜ ቀጭ ይላል፤ ደግሞም ቀጭ ብሎ ጠለቅ ይላል፤ ከፖምፑ ጋር እስኪናበብ ድረስ ገና አልደረሰም። ይህን ሳይጠብቅ ካምቢዮውን በቡሎን እየሳበ ከሞተሩ ጋር የሚያጣብቅ መካኒክ፣ ሞተሩ በተነሣ ቅጽበት አዲሱን ፖምፕ ይሰብረዋል። ጥገናው ከተጠናቀቀ በኋላ ወዲያው ዳግመኛ የሚወርድ ካምቢዮ ብታዩ በቅድሚያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን እየደረሰ ነው። ዕቃ ለማስመጣት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሶማሌ ተራ የምትልኩ ካላችሁ «የመርሴዲስ ካምቢዮ ዕቃ» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። በዚሁ አንድ መልክ ባለው መኪና ውስጥ የቀደሙት 722.1፣ ከኋለኞቹም ብዙዎቹ 722.3 የተባለ ካምቢዮ ይዘው ወጥተዋል፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይገባም። ቁጥሩ ከኮፓው ጠርዝ በላይ በካምቢዮው አካል ላይ ተቀርጿል፤ በቤንዚን ጥረጉት፣ በወረቀት ላይ ገልብጡት፣ ገንዘቡንም ከዚያ በኋላ ላኩ። በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ካርቡራተርን ለደጋ አየር ስለማስተካከል እንነጋገራለን፤ ጥያቄ ያላችሁ እስከዚያ ጻፉልን።

(የመዝጊያ ዜማ)